ከጅቡቲ የሚሰፋ ካውንቲ፣ ሁለት ዳኞች፦ ኢንዮ እንዴት ይተዳደራል?

ካሊፎርኒያ ውስጥ በቆዳ ስፋቱ ከጅቡቲ የሚበልጥ አንድ ካውንቲ (ከስቴት በታች ያለ የአስተዳደር ክፍል) አለ። ኢንዮ ይባላል። ስፋቱ ከ26,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ግን የተገኘው ነዋሪ 19,016 ሰው ብቻ ነው። ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ወረዳዎች ብቻቸውን ከዚህ የበለጠ ሕዝብ አላቸው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙን የማያውቅ ብዙ ነው። ሳያውቀው ከኢንዮ ጋር የተገናኘ ሐበሻ ግን ጥቂት አይደለም። ሎስ አንጀለስ የምትኖሩ ከሆነ፣ ከቧንቧችሁ የሚወርደው ውኃ አንዱ ምንጩ እዚያ ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በሊትል ኢትዮጵያ የሚፈላው ቡና የኢንዮ ተራሮች በረዶ አለበት። ላስ ቬጋስ የምትኖሩ ደግሞ እንግዳ ሲመጣባችሁ ዴዝ ቫሊ የሚባለውን በረሃ ልታሳዩት ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። የዴዝ ቫሊ አብዛኛው ክፍል ያለው ኢንዮ ውስጥ ነው። በ395 አውራ ጎዳና የጭነት መኪና የምትነዱም ካውንቲውን ከደቡብ እስከ ሰሜን ታቋርጡታላችሁ።

ስለ አሜሪካ መንግሥት ሲወራ ፕሬዚዳንቱና ኮንግረሱ ይነሳሉ። ሲበዛ የስቴቱ ገዢ ይጠቀሳል። ነገር ግን የቤት ሽያጭ የሚመዘገበው፣ የጋብቻ ፈቃድ የሚወጣው፣ የምርጫ ድምፅ የሚቆጠረው፣ የታሰረ ሰው የሚያድረው ካውንቲ ዘንድ ነው። በትልልቅ ከተሞች ይህ ሁሉ ስለሚደራረብ የቱ የማን ሥራ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ኢንዮ ላይ ሁሉም ነገር ባዶ ሜዳ ላይ እንደቆመ ዛፍ ከሩቅ ይታያል። ካውንቲ ምን እንደሆነ፣ አቅሙ የት ላይ እንደሚያልቅ፣ ፍርድ ቤትስ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

መሬቱ

በምዕራብ የሴራ ኔቫዳ ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመዋል። ከእነሱ መካከል ዊትኒ ተራራ አለ። ከፍታው 4,421 ሜትር ነው። አላስካን ካልቆጠርን ከአሜሪካ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው እሱ ነው። ጫፉ ኢንዮና ቱላሬ የሚባለው ካውንቲ የሚዋሰኑበት መስመር ላይ ነው። እዚያው ካውንቲ ውስጥ፣ ወደ ምሥራቅ 136 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ባድዋተር የሚባለው የዴዝ ቫሊ ወለል ይገኛል። እሱ ከባሕር ጠለል በታች 86 ሜትር ነው፤ ከሰሜን አሜሪካ ዝቅተኛው ቦታ።

እኛም ራስ ዳሸንና ዳሎል አሉን። ራስ ዳሸን ከዊትኒ ይበልጣል፤ ዳሎልም ከባድዋተር ይጠልቃል። በመካከላቸው ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ አለ፤ ያሉትም በተለያዩ ክልሎች ነው። ኢንዮ ውስጥ ጫፉንም ወለሉንም የሚጠብቀው አንድ ሸሪፍ (የካውንቲው የፖሊስ አዛዥ) ነው። ዊትኒ ላይ በረዶ የያዘውን ተራራ ወጪ ፍለጋ የሚወጣው ቡድን፣ ዴዝ ቫሊ ውስጥ ሙቀት ላዞረውም ሊጠራ ይችላል። ፈርነስ ክሪክ በሚባለው የዴዝ ቫሊ ሥፍራ ሐምሌ 10 ቀን 1913 የተለካው 56.7 ዲግሪ ሴልሺየስ እስካሁን በዓለም ክብረ ወሰንነት ተመዝግቦ ያለ የአየር ሙቀት ነው።

በሴራ ኔቫዳና ከምሥራቅ በሚያዩት የኋይትና የኢንዮ ተራሮች መካከል ኦወንስ የሚባል ረጅም ጠባብ ሸለቆ አለ። ሕዝቡ የሚኖረው በአብዛኛው እዚህ ነው። ከተሞቹ 395 አውራ ጎዳናን ተከትለው ተሰልፈዋል፦ ሎን ፓይን፣ ኢንዲፔንደንስ፣ ቢግ ፓይን፣ ቢሾፕ። ከእነዚህ በላይ በኋይት ተራሮች ላይ ከ4,800 ዓመት በላይ የኖሩ የብሪስልኮን ጥዶች ቆመዋል። የአክሱም ሐውልቶች ሲተከሉ እነዚህ ዛፎች ሽማግሌዎች ነበሩ።

ሸለቆው ከሰፋሪዎች በፊት የፓዩት ሕዝብ ነበር። ፓዩቶች ከተራራው የሚወርደውን ውኃ በቦይ እየጠለፉ መሬታቸውን ያጠጡ ነበር። በ1863 ወታደሮች ከ900 በላይ የሚሆኑትን ፓዩቶች ከሸለቆው አውጥተው ወደ ደቡብ፣ ፎርት ቴሆን ወደሚባል ቦታ በእግር ነዷቸው። ካውንቲው የተመሠረተው ከዚያ 3 ዓመት በኋላ፣ በ1866 ነው። ብዙዎቹ ፓዩቶች እየቆዩ ተመልሰዋል። ዛሬ ኢንዮ ውስጥ የፌደራል መንግሥት እውቅና የሰጣቸው አምስት ነገዶች አሉ። የየራሳቸው አስተዳደር አላቸው፤ የካውንቲው ሥር አይደሉም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። መሬቱ የማን ነው?

ከካውንቲው መሬት 92 በመቶ ገደማው የፌደራል መንግሥት ነው። ብሔራዊ ፓርኩ፣ የደን አስተዳደሩ፣ በረሃውን የሚይዘው የመሬት ቢሮ፣ የባሕር ኃይሉ የመሣሪያ መሞከሪያ ቦታ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ወደ 4 በመቶ የሚጠጋው፣ ያውም ውኃ ያለበትና ለእርሻ የሚሆነው የሸለቆው መሬት፣ የሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። ስቴቱም ጥቂት አለው። በግለሰቦች እጅ ያለው መሬት 2 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ይህን ቁጥር ያዙት። የካውንቲ አስተዳደር ዋና ሥልጣን መሬት ላይ ነው። የት ቤት ይሠራ፣ የት ሱቅ ይከፈት፣ የት ይታረስ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ገቢውም ከመሬትና ከቤት ግብር ይመጣል። የፌደራል መሬት ላይ ግን ካውንቲው ግብር አይጥልም፤ ምን ይሠራበት ብሎም አይወስንም። እናም ካርታው ላይ ከጅቡቲ የሚሰፋው ካውንቲ በራሱ ፈቃድ የሚያዝበት መሬት ጥቂት ነው።

ማን ምን ይሠራል?

ካውንቲውን የሚመራው አምስት አባላት ያሉት የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ ነው። ካውንቲው በአምስት ምርጫ ወረዳ ተከፍሏል። እያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሱፐርቫይዘር ለአራት ዓመት ይመርጣል። ቦርዱ በጀት ያጸድቃል፣ የካውንቲ ሕግ ያወጣል፣ የዕለት ተዕለት ሥራውን የሚያስተባብር አስተዳዳሪ ይቀጥራል። ፕሬዚዳንት የለ፣ ከንቲባ የለ። ሕግ አውጪውም አስፈጻሚውም ያው ቦርዱ ነው። ለእኛ እንግዳ የሚመስለው ይህ ነው።

ከዚያ በላይ የሚገርመው ደግሞ ቦርዱ የማያዝዛቸው ባለሥልጣናት መኖራቸው ነው። ሸሪፉን ሕዝቡ በቀጥታ ይመርጠዋል። ዐቃቤ ሕጉንም እንዲሁ። የቤትና የመሬት ዋጋ የሚገምተው ሹም፣ ሒሳብ የሚቆጣጠረው፣ ግብር የሚሰበስበው፣ ሰነድ የሚመዘግበውና ምርጫ የሚያስፈጽመው፣ ያለ ሐኪም የሞተን ሰው ጉዳይ የሚመረምረው ኮሮነር፣ ሁሉም በምርጫ ነው የሚገቡት። ቦርዱ በጀታቸውን ይቆርጣል እንጂ ከሥራ ሊያባርራቸው አይችልም። ሸሪፉ የቦርዱን ሰብሳቢ መመርመር ቢኖርበት ቦርዱ «ተው» ሊለው አይችልም። ሥልጣን እንዲህ የተበታተነው ሆን ተብሎ ነው።

በመላው ኢንዮ ራሱን የቻለ የከተማ አስተዳደር ያለው ቢሾፕ ብቻ ነው። 4,000 የማይሞላ ነዋሪ አለው። የካውንቲው መቀመጫ ኢንዲፔንደንስ ግን የራሱ ከንቲባም ምክር ቤትም የለውም። ነዋሪው ከ1,000 በታች ነው። ሎን ፓይንና ቢግ ፓይንም እንደዚያው ናቸው። እዚያ የሚኖር ሰው ጥበቃ ቢፈልግ ለሸሪፉ ይደውላል። ቤቱ ላይ ክፍል ቢቀጥል ፈቃድ የሚጠይቀው ካውንቲውን ነው። የሠፈሩ መንገድ ቢቦረቦር የሚያመለክተው ለአካባቢው ሱፐርቫይዘር ነው።

ገንዘቡስ? በካሊፎርኒያ በ1978 በሕዝበ ውሳኔ በጸደቀው ሕግ መሠረት የቤትና የመሬት ግብር መነሻው ከተገመተው ዋጋ 1 በመቶ ነው። ከዚያም ላይ ትምህርት ቤቶችና ሌሎች ይካፈሉታል። ግብር የሚከፍለው መሬት 2 በመቶ ካልሞላ ካውንቲው በምን ይኖራል? እዚህ ላይ ሦስት ነገር ይረዳዋል። የፌደራል መንግሥት በ1976 በወጣ ሕግ ግብር ለማይከፍልበት መሬት ማካካሻ ይሰጣል። ቱሪስቱ ባደረ ቁጥር የአልጋ ግብር ይገባል። ሦስተኛው ሎስ አንጀለስ ናት። አንድ ከተማ በራሱ ክልል ውስጥ ባለው ንብረቱ ላይ ግብር አይከፍልም። የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት ግን ከተማው ከክልሉ ውጪ የገዛው መሬት፣ ሲገዛ ግብር ይከፈልበት ከነበረ፣ ግብሩ ይቀጥል ይላል። ኢንዮ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ በስም ተጠቅሷል። ስለዚህ የካውንቲውን ውኃ የወሰደችው ከተማ ከካውንቲው ትልልቅ ግብር ከፋዮች አንዷ ናት። ኢንዮ ከሎስ አንጀለስ ጋር ይከራከራል፤ ደመወዝ የሚከፍለውም በከፊል ከእሷ በሚያገኘው ገንዘብ ነው። የዚህን ግንኙነት ክብደት ያልተረዳ የኢንዮን ፖለቲካ ሊረዳ አይችልም።

ፍርድ ቤቱ

ኢንዲፔንደንስ ከተማ መሀል፣ አውራ ጎዳናው ዳር፣ ዓምዶች ያሉት አንድ ሕንፃ አለ። በ1921 የተሠራው የካውንቲው ፍርድ ቤት ነው። ነድፎ ያሠራው ዊልያም ዊክስ የሚባል አርክቴክት ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ስለቆመ ከሠፈሩ ቤቶች ሁሉ ጎልቶ ይታያል።

አራተኛው ነው። የመጀመሪያው በ1869 ተሠርቶ ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ አላገለገለም። መጋቢት 26 ቀን 1872 ሌሊት ሸለቆውን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታው። ሎን ፓይን ውስጥ 27 ሰው ሞተ። ከነበሩት 59 ቤቶች 52ቱ ፈረሱ። ኢንዲፔንደንስ ያለው ፍርድ ቤትም ተናደ። በዓመቱ ሌላ ተሠራ። እሱንም በ1886 እሳት በላው። በ1887 ሦስተኛው ቆመ። አሁን ያለው በኮንክሪት መሠራቱ የሚያስገርም አይደለም። ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ የሚኖርበት ካውንቲ በተደጋጋሚ ያለችውን ገንዘብ ፍርድ ቤት ላይ ማዋሉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የመሬት ሰነዱ፣ የጋብቻው መዝገብ፣ የውርሱ ወረቀት የሚቀመጠውም የሚጸናውም እዚያ ነበር።

አሁን ሰው የሚምታታበት ነገር አለ። ሕንፃው ላይ የካውንቲው ስም ተጽፎ ስለሚታይ ፍርድ ቤቱ የካውንቲው ይመስላል። አይደለም። የካሊፎርኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ እነሱ ሱፒሪየር ኮርት የሚሉት፣ በየካውንቲው የተዘረጋ የስቴቱ ፍርድ ቤት ነው። ድሮ ወጪውን በአብዛኛው የሚሸፍኑት ካውንቲዎቹ ነበሩ። በ1997 በወጣ ሕግ ወጪው ወደ ስቴቱ ዞረ። በ2002 ደግሞ የሕንፃዎቹን ኃላፊነት ወደ ስቴቱ የሚያዞር ሕግ ወጣ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሀብታም ካውንቲ ነዋሪ ጥሩ ፍርድ ቤት፣ የድሃ ካውንቲ ነዋሪ ደግሞ የተጎሳቆለ ፍርድ ቤት ሊደርሰው አይገባም።

የኢንዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሁለት ዳኞች አሉት። ግድያም ፍቺም፣ የልጅ ማሳደግ ክርክርም የመኪና ቅጣትም በእነዚሁ ዳኞች እጅ ያልፋል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዕድሜ ልኩን አንድ ዓይነት ጉዳይ ብቻ የሚያይ ዳኛ ይኖራል። እዚህ ግን ጠዋት ወንጀል የሰማ ዳኛ ከሰዓት ውርስ ሊከፋፍል ይችላል። ዳኞቹ ለስድስት ዓመት በሕዝብ ይመረጣሉ። ቦታው በመካከል ከጎደለ ገዢው ይሾማል። በውሳኔው ያልተስማማ ይግባኙን ሪቨርሳይድ ለሚያስችለው የይግባኝ ፍርድ ቤት ያቀርባል።

የጁሪው (ከነዋሪው ተመርጠው ጉዳዩን የሚፈርዱት ሰዎች) ነገር ደግሞ በትንሽ ካውንቲ ይከብዳል። በ12 ሰው ጁሪ የሚታይ ጉዳይ ሲኖር ብዙ ሰው ተጠርቶ ነው ከውስጡ የሚመረጠው። ተከሳሹን የማያውቅ፣ ከተበዳዩ ጋር ያልተዛመደ፣ ከምስክሩ ጋር አብሮ ያልሠራ ሰው ይፈለጋል። 19,000 ሰው መካከል ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ርቀቱም አለ። ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ላይ ባሉት ሾሾንና ተኮፓ የሚኖር ሰው ኢንዲፔንደንስ ለመድረስ ዴዝ ቫሊን አቋርጦ ከሦስት ሰዓት በላይ መንዳት አለበት። ለገበያ ቅርቡ ከተማ ኔቫዳ ያለው ፓረምፕ ነው፤ ኔቫዳ ግን ሌላ ስቴት ስለሆነ ጉዳዩን አያይለትም። የስቴቱ ሕግ ለጁሪ አባል የሚከፍለው ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ በቀን 15 ዶላር ነው። ለአንድ የተኮፓ ነዋሪ ፍትሕ ውስጥ መሳተፍ ምን ያህል እንደሚያስከፍል እዚህ ላይ ይታያል። ይህ መሻሻል አለበት ብዬ አምናለሁ።

ውኃው፣ ባንኩና ችሎቱ

ሎስ አንጀለስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ውኃ አጠራት። የከተማው የቀድሞ ከንቲባ ፍሬድ ኢተን ኦወንስ ሸለቆ እየሄደ ለምን እንደሚፈልገው ሳይገልጽ መሬት መግዛት ጀመረ። መሬቱን የያዘ ውኃውን ይይዛል። መሐንዲሱ ዊልያም ሙልሆላንድ 375 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የውኃ መስመር ዘረጋ። ውኃው ያለ ሞተር፣ በቁልቁለት ብቻ ነው የሚሄደው። ኅዳር 5 ቀን 1913 ተመረቀ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ኦወንስ ሐይቅ ደርቆ አለቀ።

ገበሬዎቹ ዝም አላሉም። መስመሩን በዲናሚት መቱት። በኅዳር 1924 አላባማ ጌትስ የሚባለውን የውኃ መዝጊያ በር ያዙና ለአራት ቀን ውኃውን ወደ ሸለቆው ለቀቁት። ሰው ቤተሰቡን ይዞ እዚያው ሰፈረ። የተቃውሞው መሪዎች የሸለቆው ባንኮች ባለቤት የነበሩት ወንድማማቾች ዊልፍሬድና ማርክ ዋተርሰን ነበሩ።

በነሐሴ 1927 ባንኮቹ ተዘጉ። ገንዘብ ጎደለ። ወንድማማቾቹ ተከሰሱ። የቀረቡት እዚያው ኢንዲፔንደንስ ነው፤ ያ ባለ ዓምድ ሕንፃ ከተሠራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ጁሪው የተመረጠው ከጎረቤቶቻቸው ነው። እነዚህ ሰዎች ወንድማማቾቹን እንደ መሪ የሚያዩ፣ አንዳንዶቹም ገንዘባቸውን እነሱ ባንክ ያስቀመጡ ማኅበረሰብ ልጆች ናቸው። ጥፋተኛ ናቸው ብለው ፈረዱ። ወንድማማቾቹም ሳን ኩዊንቲን እስር ቤት ገቡ። ተቃውሞውም አብሯቸው ተሰበረ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሎስ አንጀለስ የሸለቆውን አብዛኛውን እርሻና የከተማ ቦታ ገዝታ ጨርሳ ነበር። ፍርድ ቤት የራሱን ሠፈር ሰዎች በራሱ ሠፈር ሰዎች መቅጣቱን ሳስብ፣ ለተቃውሞው አዝናለሁ፤ ለጁሪው ግን ክብር አለኝ።

ሎስ አንጀለስ በ1970 ሁለተኛ መስመር ጨመረች። አሁን ከወንዙ አልፋ የከርሰ ምድሩን ውኃ በብዛት ትስብ ጀመር። ምንጮች ደረቁ፣ ሣሩ ሞተ። ካውንቲው ዲናሚት አላነሳም፤ ከሰሰ። ካሊፎርኒያ በ1970 ያወጣችው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ አንድ መንግሥታዊ አካል ትልቅ ነገር ከመሥራቱ በፊት ጉዳቱን አጥንቶ ለሕዝብ ያሳይ ይላል። ኢንዮ «ይህ ሕግ ሎስ አንጀለስንም ይመለከታል» አለ። በ1973 የሳክራሜንቶው ይግባኝ ፍርድ ቤት ካውንቲው ትክክል ነው አለ። ጉዳዩ ሳክራሜንቶ መታየቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። አንድ ካውንቲ የሌላ ካውንቲ ከተማን ሲከስ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ቦታ ይታይ የሚል ደንብ አለ።

ሎስ አንጀለስ በ1976 ጥናት አቀረበች። ፍርድ ቤቱ በዓመቱ በቂ አይደለም ብሎ መለሰው። ሌላ አቀረበች። በ1981 እሱም ተመለሰ። የኢንዮ ነዋሪዎች በበኩላቸው በ1980 ድምፅ ሰጥተው የከርሰ ምድር ውኃ አወጣጥን ካውንቲው በፈቃድ እንዲቆጣጠር አወጁ። ፍርድ ቤት ግን ይህን ውድቅ አደረገው። ካውንቲው ክርክሩን ሁሉ አላሸነፈም ማለት ነው። በመጨረሻ በ1991 ሁለቱ ወገኖች የረጅም ጊዜ የውኃ ስምምነት ላይ ደረሱ። ዛሬ ካውንቲው የራሱ የውኃ መምሪያ አለው። ስንት ውኃ እንደወጣ፣ ሣሩና ቁጥቋጦው እንዴት እንደሆነ የሚለኩ ባለሙያዎች አሉት። ይህን መብት ያገኘው በክስ ነው።

ስምምነቱ ካስቀመጣቸው ግዴታዎች አንዱ ለአሥርት ዓመታት የደረቀውን የታችኛውን ኦወንስ ወንዝ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህሉን፣ እንደገና ማስፈሰስ ነበር። ሎስ አንጀለስ ዘገየች። ቀነ ገደብ አለፈ፣ ሌላም አለፈ። የአካባቢ ተቆርቋሪ ማኅበራትና የስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን ኢንዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቀረቡት። በ2005 የተሰየመው ዳኛ ወንዙ እስኪፈስ ድረስ ከተማዋ በየቀኑ 5,000 ዶላር እንድትከፍል ወሰነ። ውኃ አወሳሰዷንም ገደበባት። ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ውኃው ተለቀቀ።

ከሎስ አንጀለስ ጋር በሕዝብ ብዛት የሚወዳደር አይደለም ኢንዮ። በገንዘብ አይደርስባትም። ስቴቱ ምክር ቤት ውስጥ ያለው ድምፅ ከእሷ ጋር አይነጻጸርም። እኩል የሚቆመው ችሎት ፊት ነው። እዚያ የሚቆጠረው ሕጉና ማስረጃው ነው። ለዚህ ነው የኢንዮ ፍርድ ቤት ከሌላው ካውንቲ ፍርድ ቤት በላይ ይከብዳል የምለው።

ቲኬት ቢደርሳችሁ

ለብዙ አንባቢ ኢንዮ የሚታወቀው በፖስታ በሚመጣ ወረቀት ነው። 395 ላይ በፈጣን መንገድ ስትሄዱ ቆይታችሁ ድንገት ከተማ ውስጥ ትገባላችሁ፤ የፍጥነት ገደቡም ወዲያው ይወርዳል። ያላስተዋለ ይያዛል። በአብዛኛው ቲኬቱን የሚጽፈው የስቴቱ የመንገድ ፖሊስ ነው፤ ጉዳዩ የሚታየው ግን ጥፋቱ በተፈጸመበት ካውንቲ ፍርድ ቤት፣ ማለትም ኢንዮ ነው። ሎስ አንጀለስ ወይም ላስ ቬጋስ ብትኖሩም ወደ መኖሪያችሁ አይዞርም።

ለመከራከር ግን የግድ አራት ሰዓት መንዳት የለባችሁም። የካሊፎርኒያ ሕግ ለተራ የትራፊክ ጥፋት በጽሑፍ መከራከርን ይፈቅዳል። የቅጣቱን ገንዘብ አስቀድማችሁ ታስይዛላችሁ፣ የሆነውን በጽሑፍ ታስረዳላችሁ፣ ፎቶም ካለ ታያይዛላችሁ። ፖሊሱም በጽሑፍ ይመልሳል። ካሸነፋችሁ ገንዘቡ ይመለሳል። ከተሸነፋችሁ ውሳኔው ከተላከ በ20 ቀን ውስጥ በአካል ቀርባችሁ እንደ አዲስ እንዲታይ መጠየቅ ትችላላችሁ። ወረቀቱን ችላ ማለት ግን ነገሩን ያከብደዋል፤ ቅጣት ይጨምራል። ችሎት የምትቀርቡ ከሆነና እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ በነፃ ይመደባል። በትንሽ ካውንቲ የአማርኛ አስተርጓሚ ፈልጎ ማምጣት ጊዜ ይወስዳልና ቀደም ብላችሁ አስታውቁ።

ከቲኬት ውጪም ለሎስ አንጀለስ ነዋሪ ክፍት የሆነ በር አለ። የሱፐርቫይዘሮቹ ቦርድ ስብሰባ የሚደረገው በአብዛኛው ኢንዲፔንደንስ ነው። በካሊፎርኒያ ከ1953 ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት መደበኛ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው። አጀንዳው ከ72 ሰዓት በፊት ይለጠፋል። ማንም ሰው ተነስቶ መናገር ይችላል። የካውንቲው ነዋሪ መሆን አይጠበቅበትም፤ ለመግባትም ስሙን እንዲያስመዘግብ አይገደድም። አጀንዳው ላይ ውኃ ደጋግሞ ይነሳል።